የአካባቢ ቴሌቪዥን ሪፖርተር ኮሚቴ ውስጥ ትግባ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«በአንድ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ሪፖርተር ነኝ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ለበጎ አድራጎት ዝግጅት መድረክ ምሪልን ይሉኛል። ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ ገንዘብ አሰባስቢልን ይሉኛል። አሁን ደግሞ አንድ የወጣቶች ማዕከል የቦርድ አባል እንድሆን ጠየቀኝ። አለቃዬ “ተይው፣ ነገ ጣጣ ያመጣብሻል” አለኝ። እኔ ግን ወደዚህ ሙያ የገባሁት ሕዝብ ለማገልገል ነው። የማኅበረሰብ ሥራና ሪፖርተርነት አብረው አይሄዱም? ደግሞስ እዚሁ ብቆይ ዕድገት አለኝ ወይስ ወደ ትልቅ ጣቢያ ልሂድ?»

እህቴ፣ «አንቺ» ስልሽ ቅር አይበልሽ። በዕድሜም በሙያም ታላቅሽ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ማይክ ይዤ ሮጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ስክሪፕት የሚቆርጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ስለዚህ ያንቺንም የአለቃሽንም ቦታ አውቀዋለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። መድረክ መምራት ትችያለሽ፤ በልክ። ገንዘብ ማሰባሰቡን ተይው። ቦርዱ ውስጥ ግን እንዳትገቢ። አለቃሽ ልክ ነው። ምክንያቱን አላስረዳሽም እንጂ። «ጣጣ ያመጣብሻል» ማስፈራሪያ ነው፤ ምክንያት አይባልም።

ሰው በተለምዶ የሚለው ሪፖርተር ኮሚቴ ውስጥ ከገባ ያዳላል ነው። ሊያዳላ ይችላል። አንቺ ግን «እኔ አላዳላም» ትያለሽ። ምናልባትም እውነትሽን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ የማይደወልልሽ ስልክ።

የደረሰብኝን ላጫውትሽ። ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት አንድ የሕሙማን መርጃ ማኅበር የኮሚቴ አባል አደረገኝ። ደስ አለኝ። ስሜ በማኅበሩ ደብዳቤ ግርጌ መታተም ጀመረ። በወር አንድ ቀን እንሰበሰባለን፣ ሪፖርት እንሰማለን፣ እጅ አውጥተን እናጸድቃለን። ሒሳቡን አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም። ዓመት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ሬዲዮ ከፈትኩ። ለመድኃኒት የተሰበሰበው ገንዘብ የአንድ ኃላፊ የግል ቤት መሥሪያ መሆኑን ሌላ ጋዜጠኛ ይተርካል። ሰነድ ይዟል። ምስክር አቅርቧል። እኔ ጉያቸው ውስጥ ተቀምጬ ያላየሁትን እሱ ከውጭ ሆኖ አየው።

ማፈሩስ ያልፋል። ያመመኝ ሌላ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰነዱን ያወጣችውን ሠራተኛ አገኘኋት። የድሮ ምንጬ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጥሩ ጥሩ ዜና ሰጥታኛለች። «ለኔ ለምን አልደወልሽም?» አልኳት። «ስምህ ወረቀቱ ላይ ነበር» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አየሽ፣ እኔ ያኔ ላዳላ ወይም ላላዳላ ዕድሉ እንኳን አልተሰጠኝም። ወሬው እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ቀየረ። ክፋቱ ደግሞ ሪፖርተር ያልተደወለለትን ስልክ ቆጥሮ ማወቅ አይችልም። ሥራው እንደ ወትሮው ይቀጥላል፣ ስብሰባው ይዘገባል፣ ምርቃቱ ይቀረጻል። አንቺ ምንም የጎደለ አይመስልሽም።

የሙያው የሥነ ምግባር ደንቦችም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለምሳሌ የአሜሪካ የባለሙያ ጋዜጠኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሻሻለው ደንብ አራት ምሰሶዎች አሉት፦ እውነትን ፈልጎ መዘገብ፣ ጉዳትን መቀነስ፣ በነጻነት መሥራት፣ ተጠያቂና ግልጽ መሆን። በሦስተኛው ሥር የጥቅም ግጭትን ብቻ ሳይሆን ግጭት የሚመስለውንም ሽሹ ይላል። «የሚመስለውን» የምትለዋ ቃል ለጀማሪ ታናድዳለች። «እኔ ንጹሕ ከሆንኩ ሰው ምን ቢያስብ ምን አገባኝ?» ያሰኛል። የኔዋ ምንጭ ግን የሄደችው በመሰላት ነገር ነው። ውስጤን ከፍታ አላየችም። ያየችው ወረቀቱን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንግባ። አንድ ግብዣ ሲመጣልሽ ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ ነገ የዚህ ድርጅት ሰው ሰነድ ይዞ ሊያጋልጥ ቢፈልግ ወደ እኔ ለመምጣት ያመነታል? መልሱ «አዎ» ከሆነ አትግቢ። «እኔ አልፈራም» የሚለው መልስ አይሆንም። ጥያቄው ስለሚደውለው ሰው ነው።

በዚህ ሚዛን ቦርዱ ይወድቃል። የቦርድ አባል ውሳኔ ያጸድቃል፣ ሒሳብ ይፈርማል፣ ኃላፊ ይቀጥራል። የወጣቶች ማዕከል ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይጠይቃል፣ በጀት ይለምናል። ማዘጋጃ ቤቱን የምትዘግቢው አንቺ ነሽ። ጠዋት ከንቲባውን በማይክ ታፋጥጪያለሽ፤ ከሰዓት ደጅ ትጠኛለሽ። ይህ በፍጹም አይሆንም።

ገንዘብ ማሰባሰቡም ቢሆን አይሆንም። ለጥሩ ዓላማ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ገንዘብ የሚሰጥሽ ማን ነው? ነጋዴው፣ ኮንትራክተሩ፣ ባለሆቴሉ። «አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው» ብሎ የሰጠ ሰው ውለታ ጽፎ ይይዛል። ስለ ኮንትራክተሩ የፈረሰ ድልድይ ልትዘግቢ ስትሄጂ ያንን ውለታ ያነሣልሻል። ባያነሣውም አንቺ ታስታውሽዋለሽ። ጣቢያው ራሱ በይፋ የእርዳታ ዘመቻ ካወጀ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ተመልካች ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደሚሰበስብ በግልጽ ያውቃል። ገንዘቡም በአንቺ እጅ አያልፍም።

መድረክ መምራቱ ላይ ላላ እላለሁ። ብዙ አለቆች ይህንንም ይከለክላሉ፤ እኔ ግን ግትርነት ይመስለኛል። በትንሽ ከተማ የሚኖር ሪፖርተር ከሰው ተነጥሎ ሊኖር አይችልም፤ መኖርም የለበትም። ስለዚህ ምሪ። ግን ክፍያ አትቀበዪ። አለቃሽ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ። የፓርቲ ወይም የምርጫ ነገር ያለበት መድረክ ላይ አትውጪ። በየጊዜው የምትዘግቢውን መሥሪያ ቤት ዝግጅትም አትምሪ። በእጅሽ የተሰጠሽን ጽሑፍ አስቀድመሽ ሳታነቢ አትውጪ። «ተወዳዳሪ የሌለው፣ ሕዝባዊ፣ አርዓያ» የሚሉ ቅጽሎች ይሞላሉ። አንቺ ካነበብሻቸው ቪዲዮው ነገ በስልክ ይዞራል። የዝግጅቱን ስም፣ የእንግዶቹን ስም፣ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል አንብቢ፤ ውዳሴውን ለባለቤቶቹ ተይላቸው። ዝግጅቱ ዜና የሚሆን ከሆነ ደግሞ ሌላ ሪፖርተር ይዘግበው።

በነጻነት የምትሠሪው የማኅበረሰብ ሥራም ሞልቷል። ደም ለግሺ። ትምህርት ቤት ሄደሽ ልጆችን ዜና እንዴት እንደሚሠራ አስተምሪ። የተቀናበረ ቪዲዮ እንዴት እንደሚለይ አሳዪ። የድሮ ቪዲዮ አዲስ ተብሎ ሲለጠፍ እንዴት እንደሚጣራ፣ ከጀርባው የሚታየው ሕንፃ ወይም የሰሌዳ ጽሑፍ እንዴት ቦታውን እንደሚናገር አሳዪ። ይህንን ከአንቺ የተሻለ የሚያስተምር ሰው በከተማው ላይኖር ይችላል። ስጦታሽ እዚህ ላይ ነው።

እንቢ ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ ለታላቅ ሰው። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለአንድ ሽማግሌ የመለሰችውን ልንገርሽ። «ጋሼ፣ ማዕከሉን ስለምወደው ነው የማልገባው። ነገ አንድ ባለሥልጣን ቦታውን ሊነጥቃችሁ ቢመጣ ማን ይዘግብላችኋል? እኔ አባል ከሆንኩ አፌን ዘጋችሁት ማለት ነው። ውጭ ልሁንላችሁ።» ሽማግሌው ዝም ብለው አሰቡና «ልክ ነሽ፣ ውጭ ሁኚልን» አሏት። ቅያሜ አልነበረም። ሰው ምክንያቱ ሲገባው ይቀበላል። የሚከፋው «መመሪያ አይፈቅድልኝም» ብለሽ ስትዘጊበት ነው።

ስለ ፖስታው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ዝግጅት ላይ «ለትራንስፖርት» ተብሎ የሚሰጥ አበል አለ። አትቀበዪ። ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይቀበላል፣ ደሞዝ አይበቃም፤ እነዚህን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ እኔም ብያቸዋለሁ። ሰጪው ግን ለማን እንደሰጠ አይረሳም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሕዝብ ለማገልገል» ያልሽው ነገር። የአንቺ የማኅበረሰብ ሥራ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጀምር መሰለሽ። ዋናው ግን ጠዋት ሥራ ስትገቢ ይጀምራል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ላይ በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ኬኤችኦዩ የተባለ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ዘገባ አቀረበ። ሪፖርተሯ አና ወርነር ትባላለች። ዘገባው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ ስለሚገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች ነበር። ጎማው እየሄደ ላዩ ይገነጠላል፣ መኪናው ይገለበጣል፣ ሰው ይሞታል። ጎማ አምራቹ ለጣቢያው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። በሌላ በኩል ግን ስልኩ መጮህ ጀመረ። «እኔም ላይ ደርሷል» የሚሉ ተመልካቾች ደወሉ። ጣቢያው ወደ መንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ እንዲያመለክቱ መንገዱን አሳያቸው። ግንቦት ላይ መንግሥት ምርመራ ከፈተ። ነሐሴ ላይ ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጠራ።

እዚያው ጣቢያ፣ እነዚያው ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የከተማውን ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ጉድለት አወጡ። የዲኤንኤ ክፍሉ ተዘጋ። ዘገባውን ያየች አንዲት እናት ልጄ ያለ ወንጀሉ ታስሯል ብላ ጻፈችላቸው። የዲኤንኤ ምርመራው በድጋሚ ተሠራ። 25 ዓመት የተፈረደበት ወጣት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2003 ላይ ከእስር ወጣ።

ይህን የነገርኩሽ «አንቺም እንዲህ ሁኚ» ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችን በዕድሜ ልካችን የዚህን ሲሶ አንሠራም። ስልኩን እንድታይልኝ ነው። ያቺ እናት ለማን እንደምትጽፍ ታውቅ ነበር። በየቀኑ በቴሌቪዥን የምታየው ፊት፣ ከተማዋ ውስጥ ያለ ጣቢያ፣ ሊደረስበት የሚችል ሰው። የአካባቢ ሪፖርተር ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ካሜራውም፣ ድምፁም፣ ዝናውም ቢቀር ይቻላል።

ታዲያ ስልኩ እንዴት ይጮሃል? እኔ የተማርኩት በጣም ተራ በሆኑ ነገሮች ነው።

ቀጠሮ የሚመዘገብበት ደብተር ያዢ። ከንቲባው «በስድስት ወር ውስጥ ውኃ ይገባል» ሲል ዜናውን ሁሉም ይሠራል። አንቺ ግን ቀኑን ቁጠሪና ስድስተኛው ወር ላይ ጻፊው፦ «ውኃው ገባ ወይ?» ቀኑ ሲደርስ ካሜራ ይዘሽ ሂጂ። ከገባም ዜና ነው። ካልገባም ዜና ነው። ተመልሶ የሚመጣ ሪፖርተር ብርቅ ስለሆነ ሰው አይረሳውም። እኔ ዘንድ ካለፉት ሪፖርተሮች ይህንን ደብተር ያለማቋረጥ የያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ስልካቸው አያርፍም።

የምክር ቤት ስብሰባ ላይ እስከ መጨረሻው ተቀመጪ። ካሜራው ብዙ ጊዜ የመክፈቻውን ንግግር ቀርጾ ይወጣል። ገንዘብ የሚመደበው ግን ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ሲሳሳ ነው። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአዳራሹ ብቻሽን የቀረሽ ጋዜጠኛ ስትሆኚ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ስምሽን ያውቃል። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤቱም፣ የሆስፒታሉ ዘበኛም እንደዚያው። ምንጭ ማለት ሁልጊዜ ትልቅ ባለሥልጣን አይደለም። በር የሚከፍተው ሰው ብዙ ያያል።

አንዳንድ ቀን ያለ ካሜራ ሂጂ። ካሜራ ሲመጣ ሰው ልብሱን ያስተካክላል፣ ቃሉንም ያስተካክላል። ገበያ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ የምትሰሚው ሌላ ነው።

ዘገባው ከመተላለፉ በፊት ላናገርሽው ሰው ሰዓቱን ንገሪው። ካስተላለፍሽ በኋላ ደውለሽ ጠይቂው። «ልክ ነበር? ችግር አመጣብህ?» ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስሕተት ካለ በዚያው ሰዓት ታውቂያለሽ። ስትሳሳቺ ደግሞ ስሕተቱ በተላለፈበት ፕሮግራም ላይ በግልጽ አርሚ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ማንም በማያይበት፣ ሹልክ አድርጎ ማረም ማረም አይባልም።

ሐዘን ላይ ስላለ ሰው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሪፖርተር የሚታመነው ወይም የሚጠላው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሞተበት አባት በር ላይ ስትደርሺ ካሜራው መኪና ውስጥ ይቅር። አንቺ ብቻሽን ግቢ። መጀመሪያ አጽናኚ። ከዚያ «ስለ እሱ ማውራት ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ እመለሳለሁ» በዪ። እምቢ ካሉ በእውነት ተመለሺ። ስልክሽን ትተሽ ውጪ። ብዙዎቹ በኋላ ይደውላሉ። ከፈቀዱልሽ «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን ጥያቄ አትጠይቂ። ምን ሊሰማቸው ነው? «ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» በያቸው። ሰው ስለሚወደው ልጅ ማውራት ይፈልጋል። ሕፃን ከሆነ የምታናግሪው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፍቀድ፤ ቢፈቅዱም ለልጁ የማይጠቅም ከሆነ ተይው። ራስን ስለ ማጥፋት የምትዘግቢ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው። ዘዴውን አትግለጪ። ቦታውን አታድምቂ። አንድ ምክንያት ብቻ አታስቀምጪለት። እርዳታ የሚገኝበትን አድራሻ ጨምሪ። እንዲህ ዓይነቱ ዘገባ ሲጋነን ሌላ ተጋላጭ ሰውን ሊገፋ ይችላል።

እስከ አሁን ስለ ሰው አወራሁ። ስለ ሥራው ራሱም አንድ ሁለት ልበል፤ ዕድገትሽን የጠየቅሽው ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ።

ትንሽ ጣቢያ ውስጥ ራስሽ ትቀርጫለሽ፣ ራስሽ ትጽፊያለሽ፣ ራስሽ ትቆርጫለሽ። ትልቅ ጣቢያ ያሉት ይህን እንደ ችግር ያዩታል። እኔ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ። ራስሽ ቆርጠሽ ስታዪ ምን መቅረጽ እንደነበረብሽ ይገባሻል። እያንዳንዱን ምስል ቢያንስ ዐሥር ሰከንድ ሳታንቀሳቅሺ ያዢ። ሰፊውን፣ መካከለኛውን፣ ቅርቡን ቅረጪ። እጅ ቅረጪ፣ እግር ቅረጪ፣ የሚሰማውን ሰው ፊት ቅረጪ። የአካባቢውን ድምፅ አትርሺ፤ የውኃ ቧንቧ ባዶውን ሲያፏጭ ከአንቺ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። አንድ የዜና ዘገባ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ይገባል። ሁለት ካስገባሽ ሁለቱም ይወድቃሉ። ደግሞ ምስሉ ያሳየውን በቃል አትድገሚ። ሰው ጎርፉን እያየ «ጎርፍ ይታያል» ማለት ምን ይሉታል?

ቀጥታ ስርጭት ላይ አንድ ምክር አለኝ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻውን በቃልሽ ያዢ። መካከሉ ራሱ ይመጣል። ነገር ግን ቀጥታ ለመግባት ያህል ብቻ ቀጥታ መግባት ከንቱ ነው። ድሮ ዜና በፊልም ሲቀረጽ ፊልሙ እስኪታጠብ ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተንቀሳቃሽ የቪዲዮ ካሜራ መጣና ያ ጥበቃ ቀረ። ዛሬ በጀርባ የሚታዘል ትንሽ መሣሪያ የብዙ ሲም ካርዶችን ኔትወርክ አጣምሮ ከየትም ያስተላልፋል። ስለዚህ አለቆች «ግቢ፣ ግቢ» ይላሉ። ሁሉም ነገር ካለቀ ከሰዓታት በኋላ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ መቆም ለማን ይጠቅማል? ከጥቅሙ ይልቅ አደጋው ይበዛል። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ላይ በዌስት ቨርጂኒያ አንዲት የአካባቢ ጣቢያ ሪፖርተር ስለ ተሰበረ የውኃ ቧንቧ በቀጥታ እየዘገበች መኪና ገጭቷታል። ብቻዋን ነበረች። ካሜራውንም ያቆመችው ራሷ ነበረች። ተነሥታ ዘገባዋን ቀጠለች። ሰው ሁሉ ጽናቷን አደነቀ። እኔ ግን «ከጀርባዋ የሚያይላት ሰው ለምን አልነበረም?» ብዬ ነው የተናደድኩት። ማታ ብቻሽን ቀጥታ ግቢ ቢሉሽ እምቢ የማለት መብት አለሽ። ፊትሽን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የት እንዳለሽ በቀጥታ እየነገርሽ ነው። ይህ ለሴት ሪፖርተር የበለጠ ከባድ እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ልሂድ ወይስ ልቆይ ላልሽው፣ የሁለቱንም መንገድ አውቃለሁና አላጋንንልሽም። ትልቅ ጣቢያ ደሞዝ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ጥሩ ካሜራማን አለው። ነገር ግን መጀመሪያ ስትገቢ ስልክሽ ዝም ይላል። የምታውቂው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም። ዘበኛው አያውቅሽም። አራት ዓመት ያጠራቀምሽው ሀብት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዝና ፍለጋ ብቻ ከሆነ አትቸኩዪ። አንድ ጥሩ አርታኢ ስክሪፕትሽን እየቀደደ የሚመልስልሽ ከሆነ ቆዪ። ያ ሰው በገንዘብ አይገኝም። ማንም የማያርምሽ፣ ሁሉም «ጎበዝ» የሚልሽ፣ የምትሠሪውም ምርቃትና ስብሰባ ብቻ ከሆነ ግን ሂጂ። እዚያ እየቆየሽ ሙያው ይዝግብሻል።

ደግሞ ዕድገት ማለት የስቱዲዮ ወንበር ብቻ አይደለም። ዜና አንባቢ መሆን አንዱ መንገድ ነው። የምርመራ ዘገባ አለ። ዜና የሚመድብ አርታኢ መሆን አለ። ፕሮዲዩሰርነት አለ። በአንድ ዘርፍ፣ በጤና ወይም በፍርድ ቤት ወይም በውኃ፣ ከሁሉም በላይ የምታውቂ ሰው መሆን አለ። እኔ የመጨረሻውን እመርጥልሻለሁ። አንድ ዘርፍ የምታውቅ ሪፖርተር የትም ሄዳ ትቀጠራለች። የሕዝብ ግንኙነት ሥራም ይጠራሻል፤ ደሞዙ ይሻላል፣ ነውርም የለበትም። ግን ከሄድሽ ሙሉ በሙሉ ሂጂ። እየዘገብሽው ካለው መሥሪያ ቤት ጋር ስለ ቅጥር መነጋገር ከጀመርሽ ለአለቃሽ ንገሪና በዚያው ቀን ያንን መሥሪያ ቤት መዘገብ አቁሚ።

የሥራ ናሙና ቪዲዮ ስታዘጋጂ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ወሳኝ ነው። እኔ ስቀጥር ብዙውን ከዚያ በላይ አላይም። ማይክ ይዘሽ የቆምሽባቸውን ውብ ውብ ምስሎች አትደርድሪልኝ። አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀሽ አንድ ባለሥልጣን የተደናገጠበትን አሳዪኝ። ወይም ተመልሰሽ የሄድሽበትን ዘገባ፦ የመጀመሪያውን ቀንና የስድስተኛውን ወር ጎን ለጎን።

ለመሄድ ከወሰንሽ ውልሽን አንብቢ፤ አንዳንዱ ውል ከወጣሽ በኋላ እዚያው አካባቢ ባለ ሌላ ጣቢያ ላይ እንዳትታዪ ይከለክላል። ከዚያ ያንን የቀጠሮ ደብተር ለተተኪሽ አስረክቢ። በይፋ ቃል የተገባውን ሁሉ ስጪው፤ ውኃውን፣ መንገዱን፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ። በምስጢር ያነጋገሩሽን ሰዎች ስም ግን ራሳቸውን ሳትጠይቂ ለማንም አትስጪ። ለእያንዳንዳቸው ደውዪ። «ልሄድ ነው፣ ስልክዎን ለእገሊት ልስጣት?» በያቸው። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። አንዳንዶቹ «ተይው፣ ላንቺ ነበር የምናገረው» ይሉሻል። የእነሱን ገጽ ቀድደሽ ውሰጂው።